ከገበያ ማዕከል ወደ ግራ መውጣት፦ እንዴት እንደሚቀር፣ ካልቀረም እንዴት እንደሚደረግ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ መኪና የሚነዳ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት መውጫ አለ። ሱቁ ትልቅ ነው፤ ማቆሚያው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ መውጫው ላይ የትራፊክ መብራት የለም። ከፊት ለፊት እንደ ሊስበርግ ፓይክ፣ እንደ ጆርጂያ አቬኑ ወይም እንደ ሮክቪል ፓይክ ያለ ባለ ብዙ መስመር መንገድ አለ፤ የመኪናው ፍሰት አያቋርጥም። ቤት ያለው በግራ በኩል ነው። ከኋላ ሦስት መኪና ተሰልፎ አንዱ ጡሩምባውን መንፋት ጀምሯል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለዚያች ደቂቃ ነው፤ አብዛኛው ክፍሉ ግን የሚናገረው ከዚያች ደቂቃ በፊት ስለሚሠራው ሥራ ነው። መውጫው አፍ ላይ ከደረሳችሁ በኋላ የሚቀራችሁ ምርጫ ጥቂት ነው፤ መኪናውን ስታቆሙ ግን ምርጫው ሁሉ በእጃችሁ ነበር።

ምሳሌዎቹን ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ የወሰድሁት ብዙ ወገኖቻችን እዚያ ስለሚኖሩ ነው። በሲያትል፣ በዳላስ፣ በአትላንታ ወይም በዴንቨር ያለው መንገድም ባሕርዩ ያው ነው። የሕጉ ዝርዝር ግን ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ የምትኖሩበትን ግዛት የአሽከርካሪ መመሪያ መጽሐፍ ተመልከቱ።

አደጋው የሚመጣው ከየት ነው

በአሜሪካም ሆነ በኢትዮጵያ የሚነዳው በቀኝ በኩል ነው፤ ኢትዮጵያ ከግራ ወደ ቀኝ የተዛወረችው በ1956 ዓ.ም. ነው። ከሱቅ ግቢ ወደ ቀኝ የሚወጣ ሰው የሚያሳስበው ከግራ የሚመጣው መኪና ብቻ ነው፤ ክፍተት ሲያገኝ ይቀላቀላል። ወደ ግራ የሚወጣው ግን በመጀመሪያ ከግራ የሚመጡትን መስመሮች በሙሉ ይሻገራል፤ ከዚያ ከቀኝ ከሚመጡት ጋር ይቀላቀላል። ሁለቱም ወገኖች በአንድ ጊዜ ባዶ መሆን አለባቸው። በዚያ ላይ ከማዶ ወደ ሱቁ ለመግባት ወደ ግራ የሚታጠፍ መኪና አለ፤ ከማዶው ሱቅ የሚወጣም አለ።

የመንገድ መሐንዲሶች የሁለት መኪኖች መንገድ የሚገናኝበትን ቦታ «የግጭት ነጥብ» እያሉ ይቆጥራሉ። በሁሉም አቅጣጫ መግባትና መውጣት የሚፈቀድበት አንድ መውጫ ከዋናው መንገድ ጋር 9 የግጭት ነጥቦች አሉት። ወደ ቀኝ ብቻ መግባትና ወደ ቀኝ ብቻ መውጣት ሲፈቀድ የሚቀሩት 2 ናቸው። የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ጥናት ከመንገድ መጋጠሚያ ጋር በተያያዙ ግጭቶች 22 በመቶ ገደማ የሚሆኑት የተነሡት መኪና ወደ ግራ ሲታጠፍ ነው፤ ወደ ቀኝ በመታጠፍ የተነሡት 1 በመቶ ያህል ናቸው። ጥናቱ የተደረገው በመጋጠሚያዎች ላይ ነው። በሱቅ መውጫ ላይ ደግሞ ተራ የሚሰጥ መብራት የለም፤ በዋናው መንገድ የሚመጣውም ሰው ፊቱ የሚደቀን መኪና ይኖራል ብሎ አይጠብቅም። ዩፒኤስ የተባለው ዕቃ አመላላሽ ድርጅት ለሾፌሮቹ መንገድ ሲያወጣ ወደ ግራ መታጠፍን በተቻለ መጠን የሚቀንሰው ለጊዜውም፣ ለነዳጁም፣ ለደህንነቱም ብሎ ነው። ቀኑን ሙሉ በመንዳት የሚያድሩ ባለሙያዎች የሚሸሹትን ነገር እኛ ሸቀጥ ጭነን፣ ልጆች ከኋላ አስቀምጠን የምንደፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ ሰከንዶቹ እንምጣ፤ ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ የሚጠቅመው ቁጥር ይህ ነው። አሜሪካውያን መንገድ ነዳፊዎች ቆሞ የነበረ የቤት መኪና ባለ ሁለት መስመር መንገድ ላይ ወደ ግራ ለመውጣት 7.5 ሰከንድ ክፍተት ያስፈልገዋል ብለው ያሰላሉ። መሻገር ያለበት መስመር በጨመረ ቁጥር ግማሽ ግማሽ ሰከንድ ይታከላል፤ ስለዚህ ባለ አራት መስመር መንገድ ላይ 8 ሰከንድ ይሆናል፤ መካከል ላይ የመታጠፊያ መስመር ካለ 8.5። በሰዓት 45 ማይል፣ ማለትም 72 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 20 ሜትር ይጓዛል። በ8 ሰከንድ 160 ሜትር ማለት ነው፤ ከአንድ ተኩል የእግር ኳስ ሜዳ በላይ። ይህን ያህል ርቀት በግራም በቀኝም በአንድ ጊዜ ባዶ ካልሆነ መውጣት የለም። ከዚህ ባጠረ ክፍተት የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ሳይጋጭ የሚያልፈው የሚመጡት ሰዎች ፍሬን ስለሚይዙለት ነው።

ደረጃ 1፦ ከቤት ሳትነሡ

በስልካችሁ ካርታ ላይ የሱቁን የሳተላይት ምስል ክፈቱና የማቆሚያውን መውጫዎች አንድ በአንድ ተመልከቱ። የምትፈልጉት የትራፊክ መብራት ያለበትን መውጫ ነው። በፊት ለፊት ከሌለ በጎን ወይም በጓሮ በኩል ወደ ትንሽ መንገድ የሚያወጣ ይኖራል፤ ያ ትንሽ መንገድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋናውን መንገድ የሚገናኘው በመብራት ነው። ሰው ለዓመታት አንድ ሱቅ እየተመላለሰ በጓሮ መውጫ እንዳለው ሳያውቅ ይቀራል።

ቀጥሎ የጉዞውን ቅደም ተከተል አስቡ። ባንክ፣ መድኃኒት ቤትና ሸቀጥ ቤት በአንድ ዋና መንገድ ላይ ካሉ፣ ስትሄዱ በቀኛችሁ የሚገኙትን በመሄጃ፣ ስትመለሱ በቀኛችሁ የሚገኙትን በመመለሻ አድርጉ። እንዲህ ሲደረግ ወደየሱቁ የምትገቡትም የምትወጡትም ወደ ቀኝ ይሆናል። ዌዝ የተባለውን የመንገድ መሪ መተግበሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ ቅንብሩ ውስጥ አስቸጋሪ መጋጠሚያዎችን የሚቀንስ ምርጫ አለ፤ አብሩት። ሁሉንም ቦታ አያውቅም፤ ቢሆንም ይረዳል።

ሰዓቱንም ምረጡ። ከሥራ መውጫ በኋላ ያለው ጊዜና የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሁሉ የከፉ ናቸው። የገና፣ የፋሲካና የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ደግሞ የሐበሻ ሱቆች ያሉባቸውን ግቢዎች ታውቋቸዋላችሁ፤ ቅቤው፣ በጉና ዶሮው በአንድ ቀን ካልተገዛ የሚያልቅ ይመስል ሁሉም በዚያው ሰዓት ይመጣል። ከዋዜማው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ በማለዳ መሄድ ይቻላል።

ደረጃ 2፦ ስታቆሙ

ለሱቁ በር የቀረበውን ቦታ ፍለጋ አትዙሩ። መብራት ላለው ወይም ለጎን መንገዱ መውጫ የቀረበ ቦታ ፈልጉ። የጤፍ ጆንያ ቢኖርም ጋሪ አለ፤ ጋሪውን ሃምሳ ሜትር አስበልጦ መግፋት የሚወስደው ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። ከተቻለም አፍንጫዋ ወደ ውጭ እንዲሆን አድርጋችሁ አቁሟት፤ ያኔ ስትነሡ ወደኋላ መመለስ ሳያስፈልግ ወደመረጣችሁት መውጫ በቀጥታ ትሄዳላችሁ። ወደ ግራ መውጫው ላይ የሚገኙት አብዛኞቹ ሰዎች ሰልፉ እየገፋቸው የደረሱ ናቸው እንጂ አስበው የመረጡት አይደሉም።

ደረጃ 3፦ ከግቢው ውስጥ መንገድ መፈለግ

በአንድ ዋና መንገድ ዳር የተደረደሩ ሱቆች ማቆሚያዎቻቸው ብዙ ጊዜ እርስ በርስ ይገናኛሉ። ከሸቀጥ ቤቱ ወደ ጎረቤቱ ምግብ ቤት፣ ከዚያ ወደ ባንኩ እየተሻገራችሁ መብራት ያለበት መውጫ ላይ ልትደርሱ ትችላላችሁ። በግቢ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ እዚያ ያለው አደጋ ከመኪኖች መካከል ብቅ የሚል ሕፃንና ወደኋላ የሚመለስ መኪና ነው። አንድ ጥንቃቄ፦ በዋናው መንገድ እየነዳችሁ መጥታችሁ ቀይ መብራት ለመሸሽ በነዳጅ ማደያ ግቢ ሰንጥቆ ማለፍ በቨርጂኒያ ሕግ የተከለከለ ነው። ከገበያችሁበት ግቢ ወደ መብራቱ መውጣት ግን ሌላ ነገር ነው።

ደረጃ 4፦ ወደ ቀኝ ውጡና ተመለሱ

የመመሪያው ዋና ክፍል ይህ ነው። መብራት ያለው መውጫ ከሌለ ወደ ቀኝ ውጡ፤ ቀጥሎ ካለው ምቹ ቦታ ተመለሱ። አዲስ አበባ ላይ በቀለበት መንገድ የነዳ ሰው ይህን ለምዶታል፤ በአካፋይ የተዘጋ መንገድ ላይ ወደ ግራ ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ሄዶ ማዞሪያ መፈለግ የተለመደ ነው። ሚሺጋን ውስጥም እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በብዙ ሰፋፊ መንገዶች ላይ ወደ ግራ በቀጥታ መታጠፍ ቀርቶ፣ አልፎ ሄዶ በአካፋዩ ክፍት ቦታ መዞር የመንገዱ ሥርዓት ሆኗል። ስለዚህ ወደ ቀኝ ወጥቶ መመለስ የፈሪ ዘዴ እንደሆነ የሚቆጥር ካለ መሐንዲሶቹም ሆን ብለው ያን እንደሚሠሩ ይወቅ።

መመለሻው ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው በመብራት ላይ፣ የግራ መታጠፊያ መስመር ገብቶ አረንጓዴ ቀስት ሲበራ ዞሮ መመለስ ነው። መዞር የሚከለክል ምልክት አለመኖሩን ተመልከቱ፤ ሕጉም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ስትዞሩ ከሚያቋርጠው መንገድ በቀይ መብራት ወደ ቀኝ የሚታጠፍ መኪና ወደምትገቡበት መስመር ሊመጣ ስለሚችል ዓይናችሁን ከእርሱ ላይ አትንቀሉ። ትልቅ መኪና ወይም ቫን የያዘ ሰው በአንድ ዙር ላይመለስ ስለሚችል ይህን ምርጫ መተው ይሻለዋል።

ሁለተኛው በመብራቱ ላይ ወደ ግራ ታጥፎ፣ የጎን መንገዱ ላይ ወይም እዚያ ባለ ማቆሚያ ውስጥ ተዟዙሮ በመብራቱ መመለስ ነው። ሦስተኛው ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ እየታጠፉ ሠፈሩን ዞሮ ዋናውን መንገድ በመብራት ተሻግሮ ወደ ግራ መሄድ ነው። ሦስተኛው ለአዲስ አሽከርካሪ ከሁሉ የቀለለ ነው፤ ረጅም ቢመስልም አንድም የሚያስጨንቅ ነገር የለበትም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራው ስሕተት አለ። ወደ ቀኝ ይወጣና መብራቱ መቶ ሜትር ላይ ስለሚታየው ሦስት መስመር ባንድ ጊዜ ቆርጦ ወደ ግራው መታጠፊያ ለመድረስ ይሞክራል። ይህ አንዱን አደጋ በሌላ መለወጥ ነው። መብራቱ ከቀረበ እለፉት። አንድ መስመር ቀይሩ፤ ፍሬቻ አሳዩ፤ ስፖኪዮ እዩ፤ አንገታችሁን ዘወር አድርጋችሁ ትከሻችሁን ተመልከቱ፤ ከዚያ ሁለተኛውን ቀይሩ። የሚቀጥለው መብራት ይጠብቃችኋል።

የሚባክነው ጊዜ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። በሥራ መውጫ ሰዓት ወደ ግራ ለመውጣት መውጫው ላይ የሚጠበቀውም ከዚህ አያንስም።

ደረጃ 5፦ የግድ ወደ ግራ ከሆነ

ወደ ግራ መውጣት ሁልጊዜ ስሕተት አይደለም። መንገዱ ባለ ሁለት መስመር ከሆነ፣ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ከሆነ፣ በሁለቱም በኩል ሩቅ የሚታይ ከሆነና ቀኑ ገና ካልመሸ የሚሠራ ነገር ነው። ወደ ግራ የሚከለክል ምልክት ካለ፣ መውጫው ላይ ወደ ቀኝ የሚመራ የኮንክሪት ደሴት ከተሠራ፣ ወይም ቁጥቋጦ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የቆመ የጭነት መኪና አንዱን ወገን ከጋረደ አይሞከርም። ስድስት መስመር ባለው መንገድ ላይም እንዲሁ።

ስትቀርቡ የእግረኛው መንገድ ላይ ሳትደርሱ ሙሉ በሙሉ ቁሙ። በቨርጂኒያ ከግል ግቢ ወደ ሕዝብ መንገድ ወይም ወደ እግረኛ መንገድ የሚወጣ አሽከርካሪ ቆሞ ለእግረኛውም ለመኪናውም ቅድሚያ መስጠት የሕግ ግዴታው ነው፤ በሜሪላንድም ከግል ግቢ የሚወጣ መኪና ቆሞ ቅድሚያ ይሰጣል። ሁሉም ሰው ዓይኑን ወደ ግራ ተክሎ ሲጠብቅ ከቀኝ በኩል በብስክሌት ወይም በስኩተር የሚመጣው ሰው ይረሳል። እግረኛው ካለፈ በኋላ መንገዱ ወደሚታይበት ድረስ ቀስ ብላችሁ ተጠጉ፤ ኮፈኑ ግን ወደ መኪናው መስመር መግባት የለበትም።

መኪናዋ ከመንገዱ ጋር ቀጥ ያለ መስቀል ትሥራ። ብዙዎች ገና ሲጠብቁ ወደ ግራ አጋድለው ይቆማሉ፤ ያኔ ከቀኝ የሚመጣውን ለማየት አንገት በጣም መዞር ይኖርበታል፤ የተሳፋሪው ራስና የበሩ ምሰሶም ይጋርዳል። መሪውንም ቀጥ አድርጋችሁ ጠብቁ፤ ከኋላ ቢገጯችሁ ወደ ፊት ትገፋላችሁ እንጂ ተጠምዝዛችሁ አትወረወሩም። ፍሬቻ አብሩ። ሙዚቃውን ዝቅ፣ የጎኑን መስታወት ትንሽ ዝቅ አድርጉ፤ ሞተር ብስክሌት ከመታየቱ በፊት የሚሰማበት ጊዜ አለ። ስልክ በእጅ አይያዝም፤ ቨርጂኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከጥር 2021 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው።

አሁን መለኪያ አብጁ። በግራ በኩል ራቅ ብሎ የሚታይ የመብራት ምሰሶ ወይም ሰሌዳ ምረጡ። አንድ መኪና እዚያ ሲደርስ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት» እያላችሁ ፊታችሁ እስኪደርስ ቁጠሩ። ስምንት ላይ ከደረሰ ያ ምሰሶ መለኪያችሁ ነው፤ አምስት ላይ ከደረሰ ራቅ ያለ ሌላ ምረጡ። በቀኝ በኩልም ያንኑ አድርጉ። ከዚያ በኋላ ደንቡ ቀላል ነው፦ በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል የሚንቀሳቀስ አንድ መኪና እንኳ ካለ አይወጣም። ስምንት ሰከንድ የሚርቅ ምሰሶ ከመውጫው ጭራሽ የማይታይ ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል፤ ከዚያ ቦታ ወደ ግራ አይወጣም። ይህ የመገመትን ሥራ ከዓይን ላይ ያነሣል፤ ዓይን ደግሞ ፊት ለፊት የሚመጣን ነገር ፍጥነት ለመገመት ደካማ ነው።

የፊት መስታወቱን በግራና በቀኝ የያዙት ምሰሶዎች አንድ ሙሉ መኪና ይሸፍናሉ። ከግራ የሚመጣው መኪና በምሰሶው ጥላ ውስጥ እንዳለ ሊቀርባችሁ ይችላል። ስለዚህ ከወገባችሁ ወደ ፊት ጎንበስ፣ ከዚያ ወደኋላ ቀና እያላችሁ ተመልከቱ። ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ፤ መንቀሳቀስ ስትጀምሩ ደግሞ ቀኝ።

ስትወጡ ባንድ ትንፋሽ ውጡ። ጎማ ሳይጮህ፣ ሳትጠራጠሩና መካከል ላይ ሳትቆሙ፤ የምትገቡትም በሄዳችሁበት አቅጣጫ ወደ መካከል በቀረበው መስመር ነው። ወደ ውጭኛው መሄድ ከፈለጋችሁ ፍጥነት ከያዛችሁ በኋላ በፍሬቻ ቀይሩ። አካፋይ ላይ ቆሞ ሁለተኛውን ወገን መጠበቅ የሚቻለው አካፋዩ ከመኪናችሁ ርዝመት በላይ ሰፊ ሲሆን ብቻ ነው። የቤት መኪና አምስት ሜትር ያህል ነው፤ ጅራቷ በፈጣኑ መስመር ላይ የምትቀር ከሆነ ያ ማረፊያ አይደለም።

በመካከል ስላለው መታጠፊያ መስመር

በብዙ የንግድ መንገዶች መሐል በሁለቱም በኩል ቢጫ መስመር ያለው፣ ከውጭ ያልተቆረጠ ከውስጥ የተቆራረጠ ቀለም የተቀባ መስመር አለ። ከሁለቱም አቅጣጫ ወደ ግራ የሚታጠፉ መኪኖች የሚጠብቁበት ነው። ከሱቅ የሚወጣ ሰው በሁለት ምዕራፍ ለመውጣት ይጠቀምበታል፦ ግማሹን ተሻግሮ መካከል ገብቶ ቆሞ፣ ከዚያ ይቀላቀላል። አንዳንድ ግዛት ይህን ይፈቅዳል፤ አንዳንዱ አይፈቅድም። ካሊፎርኒያ ውስጥ በዚያ መስመር ላይ ከ200 ጫማ በላይ መንዳት አይቻልም። በሚፈቀድበትም ቦታ ፊት ለፊት የሚገባ መኪና እንደሌለ ሳታረጋግጡ አትግቡ፤ ሁለት መኪና አፍንጫ ለአፍንጫ የሚገናኘው እዚያ ነው። ፍጥነት መያዣ አድርጎ እየሮጡ መቀላቀልም አይገባም።

ደረጃ 6፦ የሰው እጅ አይቶ አለመውጣት

ከሁሉ ይበልጥ የምጨነቅበት ነጥብ ይህ ነው። መንገዱ ተጨናንቆ ቀስ እያለ ሲሄድ፣ ለእናንተ የቀረበው መስመር ላይ ያለ ደግ ሰው ይቆምና በእጁ «ውጡ» ይላችኋል። ፈገግ ብሏል። ከኋላችሁም የሚጠብቅ አለ። እጃችሁን ለምስጋና አንሥታችሁ ትወጣላችሁ። ያ ደግ ሰው ግን የቆመው በእርሱ መስመር ብቻ ነው። ከእርሱ አጠገብ ባለው መስመር ላይ የሚመጣው መኪና እናንተን አያይም፤ ደጉ ሰው የያዘው ረጅም መኪና ጋርዷችኋል። እናንተም ያን የሚመጣ መኪና አታዩም። ኮፈናችሁ ከደጉ ሰው መኪና አፍንጫ አልፎ ብቅ ባለበት ቅጽበት በ40 ማይል የሚመጣው መኪና ይደርሳል። ግጭቱ የሚያርፈው በአሽከርካሪው በር ላይ ነው፤ በጎን ደግሞ እንደ ፊት ለፊቱ የሚታጠፍና ኃይል የሚቀበል ብረት የለም። ደጉ ሰው ብዙ ጊዜ መንገዱን ቀጥሎ ይሄዳል፤ ቅድሚያ ያልሰጠ ተብሎ የሚመዘገበው የወጣው ሰው ነው።

እኛ ዘንድ የሰውን ደግነት መመለስ ይከብዳል። ይሉኝታ አለ፤ ሰውየው ለእኔ ብሎ ቆሞ እንዴት እምቢ እላለሁ ይባላል። እምቢ ማለት ይቻላል። ራሳችሁን በቀስታ ወደ ጎን ነቅንቁ፤ መዳፋችሁን ገልጣችሁ «እለፍ» በሉት፤ ካላለፈ ዓይናችሁን ወደ ሌላ አዙሩ። ሦስት ሰከንድ ቆይቶ ይሄዳል። በተራችሁም ሌላውን ሰው በእጅ አታስወጡ፤ ለአንድ ሰው ደግነት ለመሥራት ከፈለጋችሁ ሕጉ በሚያዝዛችሁ ቦታ ቅድሚያ ስጡት።

ከኋላ የሚነፋው ጡሩምባም ያው ይሉኝታ ነው። ከኋላ ያለው ሰው ከፊት ያለውን መንገድ አያይም፤ እናንተ የምታዩትን አያውቅም። በጠበቅን ቁጥር ደግሞ ትዕግሥታችን ስለሚያልቅ አጠር ያለውን ክፍተት መቀበል እንጀምራለን፤ ስለዚህ ረጅም ጥበቃ በራሱ አደገኛ ነው። መፍትሔው ከመጀመሪያው ገደብ ማበጀት ነው፦ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ ንጹሕ ክፍተት ካልተገኘ ፍሬቻውን ወደ ቀኝ ቀይሩና ወደ ቀኝ ውጡ። ሐሳብ መቀየር ሁልጊዜ ይፈቀዳል። ከኋላችሁ ያለውም ሰው ያመሰግናችኋል።

ሲመሽ፣ ሲዘንብና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ

በኅዳር መጀመሪያ ሰዓቱ ወደኋላ ሲመለስ በዲሲ አካባቢ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገደማ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ የሥራ መውጫና ጨለማ የሚገጣጠሙበት ወቅት ነው። በጨለማ የሚታየው መብራት ብቻ ነው፤ ርቀቱንና ፍጥነቱን ከመብራት ብቻ መለየት ከባድ ነው። አንድ ነጠላ መብራት ስታዩ ሩቅ ያለ መኪና ነው ብላችሁ አትገምቱ፤ ቅርብ ያለ ሞተር ብስክሌት ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ ሞተር ብስክሌትና ሌላ መኪና ተጋጭተው ሰው ከሞተባቸው አደጋዎች 40 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ሌላው መኪና ወደ ግራ እየታጠፈ ነበር። ሞተር ብስክሌት ትንሽ ስለሆነ ከእውነተኛው ርቀቱ ይልቅ የራቀ፣ ከእውነተኛው ፍጥነቱም ይልቅ የዘገየ ይመስላል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የመኪናችሁን ጥላ ተመልከቱ። ጥላችሁ ወደሚመጣው መኪና አቅጣጫ ከተዘረጋ፣ ያ ሰው ፀሐይን ፊት ለፊት እያየ ነው፤ እናንተን ላያያችሁ ይችላል። ለእናንተ ሁሉ ነገር ጥርት ብሎ ስለሚታይ ይህን መርሳት ቀላል ነው። በዝናብ ጊዜ ደግሞ የሚመጣው መኪና ፍሬን ቢይዝም ቶሎ አይቆምም፤ የእናንተም ጎማ ሲነሣ ሊያሟልጭ ይችላል። በእነዚህ ሁሉ ጊዜያት ስምንቱን ሰከንድ አሥር አድርጉት፤ ካልተገኘ ወደ ቀኝ።

መንጃ ፈቃድ ገና ያወጣ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ልጅም ይሁን ከአገር ቤት የመጣ ወላጅ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ከሱቅ መውጫ ወደ ግራ ጨርሶ እንዳይወጣ ተስማሙ። ወደ ሚያዘወትራቸው ሦስት አራት ቦታዎች አብራችሁት ሂዱና የቀኙን መመለሻ መንገድ በተግባር አሳዩት። በቃል መንገር አይበቃም፤ መውጫው ላይ ሲጨንቀው የሚያስታውሰው ያሽከረከረውን መንገድ ነው።

ግጭት ቢደርስ

በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዲሲ የሚነዱ ወገኖች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ሕግ አለ። በእነዚህ ቦታዎች በመኪና ግጭት ጊዜ ካሳ የሚጠይቅ ሰው ራሱ ጥቂት እንኳ ጥፋት ከተገኘበት ካሳውን በሙሉ ሊያጣ ይችላል። አብዛኞቹ ግዛቶች ጥፋቱን በመቶኛ ያካፍላሉ፤ እነዚህ አያካፍሉም። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ሕጉን ያላላው ለእግረኞችና ለብስክሌት ነጂዎች ነው። ስለዚህ ከሱቅ ወደ ግራ ወጥቶ የተገጨ ሰው፣ የገጨው መኪና ከፍጥነት ወሰን በላይ ይነዳ የነበረ ቢሆን እንኳ፣ ለሆስፒታሉም ለመኪናውም ከሌላው ወገን ምንም ሳያገኝ ሊቀር ይችላል።

ሰው ከተጎዳ በ911 ደውሉ። ለፖሊስ የሆነውን በቀጥታ ንገሩ፤ መንገድ ላይ ስለ ጥፋተኝነት ክርክር አትግጠሙ። የምስክሮችን ስልክ ተቀበሉ፤ በተለይ በእጁ ያስወጣችሁ ሰው ካለ እንዳይሄድ ለምኑት። የመኪኖቹን አቋም፣ የመውጫውን ምልክትና የሚጋርደውን ነገር ፎቶግራፍ አንሡ። የሱቁ ካሜራ ቀርጾት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ለሥራ አስኪያጁ ምስሉ እንዳይጠፋ ጠይቁ፤ ካሜራዎች የቆየውን እያጠፉ በአዲስ ይተካሉ። በሥራ ላይ የምትነዱ ሰዎች ከመኪናችሁ መስታወት ላይ የሚተከል ካሜራ ይኑራችሁ፤ ዋጋው ከአንድ ቀን ገቢ የሚበልጥ አይደለም።

መውጫው እንዲስተካከል መጠየቅ

በየሳምንቱ ፍሬን የሚጮህበትን መውጫ ታውቁ ይሆናል። ማሳወቅ ይቻላል፤ ሰው ባለማወቅ ይተወዋል። በፌርፋክስ ካውንቲ አብዛኛውን መንገድ የሚያስተዳድረው የቨርጂኒያ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው፤ አርሊንግተን ካውንቲና የአሌክሳንድሪያ ከተማ ግን አብዛኞቹን መንገዶቻቸውን ራሳቸው ያስተዳድራሉ። በሜሪላንድ ቁጥር የተሰጣቸው የግዛት መንገዶች የግዛቱ የአውራ ጎዳና አስተዳደር ናቸው፤ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ለሌሎቹ 311 ደውሉ። ከግቢው ውስጥ ያለው ነገር፣ ማለትም የሚጋርደው ቁጥቋጦ፣ የደበዘዘው ቀለምና የጎደለው ምልክት፣ የግቢው ባለቤት ኃላፊነት ነው፤ ለሱቁ ሥራ አስኪያጅ በጽሑፍ ስጡት።

ጥያቄያችሁ አጭርና የተወሰነ ይሁን። የሱቁን አድራሻ፣ መውጫው በየትኛው መንገድ ላይ እንደሆነ፣ ችግሩ በየትኛው ሰዓትና ቀን እንደሚብስ፣ የሚጋርደው ምን እንደሆነ ጻፉ፤ ከአሽከርካሪው መቀመጫ የሚታየውን ፎቶግራፍ አያይዙ። የምትፈልጉትንም ጥቀሱ፦ በተጨናነቀ ሰዓት ወደ ግራ የሚከለክል ምልክት፣ ወደ ቀኝ ብቻ የሚያወጣ ደሴት፣ የቁጥቋጦ መቆረጥ፣ ወይም ከጎረቤቱ ግቢ ጋር የሚያገናኝ መተላለፊያ። የተሰጣችሁን የማመልከቻ ቁጥር ያዙ። በዚያው ሱቅ የሚገበያዩ ጎረቤቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቢልኩ መሐንዲስ ወጥቶ ቦታውን የማየቱ ዕድል ይጨምራል፤ ምላሽ ከዘገየ የማመልከቻ ቁጥሩን ይዛችሁ ለአካባቢያችሁ የካውንቲ ምክር ቤት ተመራጭ ጽሕፈት ቤት ጻፉ።